ጠበል የጠጣው ትሬለር

ባለፈው ሳምንት ቴክሳስ ውስጥ አዲሰን ካለው አፓርትመንቴ ወረድ ብሎ ወዳለው የዕቃ መደብር አምፖል ልገዛ ገባሁ። አንድ ሰው የአንቲፍሪዝ ጠርሙስ ከመደርደሪያ ላይ ጥሎ ኖሮ ወለሉ ሮዝ በሮዝ ሆኗል። ሠራተኛዋ ቢጫ ምልክት አቁማ መወልወያ ፍለጋ ሄደች። ሰው ሁሉ እየዘለለው ሲያልፍ እኔ ቆሜ አሸተትኩ። ትንሽ የሳል ሽሮፕ፣ ትንሽ የአዲስ ፕላስቲክ ነው የሚሸተው። ለሌላው ሰው ምንም አይደለም፤ ለእኔ ግን የድል ሽታ ነው። አምፖሉን ረስቼ ወጣሁ፤ ይህን ስጽፍም መኝታ ቤቴ እንደ ጨለመ ነው።

ያኔ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። የምንኖረው ዳላስ ኤርፖርት ሥር ባለችው ዩለስ ነው፤ አውሮፕላን ሊያርፍ ሲል የጓዳችን ብርጭቆዎች በሚንቀጫቀጩበት ሰፈር። አባዬ ኤርፖርት ውስጥ የሠራተኞች አውቶቡስ ይነዳል። ታላቅ እህቱ እትዬ ብዙነሽ፣ አክስቴ ማለት ነው፣ ከእኛው ጋር ትኖር ነበር፤ እሷም እዚያው ኤርፖርት መራመድ የማይችሉ መንገደኞችን በዊልቸር ትገፋለች። ከሥራ ስትመለስ እግሯን ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ ነክራ የዕለቱን ወሬ ታወራናለች። ዛሬ አንዲት አሮጊት ወደ ሃዋይ ሸኘሁ፤ ዛሬ እግሩ የተሰበረ ሙሽራ ወደ ካንኩን ሸኘሁ። ከአውሮፕላን ጋር ግን አይዋደዱም። አንዴ ተሳፍሬ መጥቻለሁ፣ እሱ ይበቃኛል ትላለች። እናም ዓለምን ሁሉ እስከ በሩ ድረስ ስትገፋ ኖራ፣ እሷ ራሷ ከዳላስ ወጥታ አታውቅም ነበር።

አንድ ቀን ከሥራ ባልደረባዋ ላይ አሮጌ ተጎታች ቤት ገዝታ መጣች። ትሬለሩ እንለው ነበር። ሁለት አልጋ፣ አንዲት ምድጃ፣ የዕቃ ማጠቢያ፣ ቁም ሣጥን የምታህል ሽንት ቤት ከነሻወሯ፣ ከትልቁ አልጋ ሥር ደግሞ የውሃ ታንከር አለው። አባዬ፣ ሆቴል ሞልቶ ይሄ ለምን አስፈለገ ብሎ ጠየቃት። ሆቴል የሰው አልጋ ነው አለችው። ሐሳቧ አንድ ብቻ ነበር። ጋልቬስተን ድረስ ሄዳ፣ ባሕር ዳር ቆማ፣ ያን ያበጠ እግሯን በሳፋ ሳይሆን በባሕር ውስጥ መንከር። ይዤሽ እሄዳለሁ ብላ ለእኔም ቃል ገብታልኛለች፤ ባሕር አይቼ ስለማላውቅ ከእሷ እኩል ቋምጬ ነበር።

በመጀመሪያው በጋ፣ ልምምድ ነው ተብሎ፣ እዚሁ አጠገባችን ወዳለው ወደ ግሬፕቫይን ሐይቅ ብቻ ሄድን። እትዬ ብዙነሽ እዚያ አንዳንድ ገራሚ ሕጎች አወጣች። የሽንት ቤቱን ውሃ መልቀቂያ መርገጫ መርገጥ ክልክል ነው፤ ከቤት በጄሪካን ባመጣችው ውሃ ነው የሚደፋበት። ሳህን ስታጥብም ከጄሪካኑ ነው። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ከትሬለሩ ውጪ፣ ከአንዲት ትንሽ መዝጊያ ጀርባ ባለው መታጠቢያ፣ አናቴ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ትለቅብኛለች። እኔ እጮኻለሁ፣ እሷ የሆነ ነገር እያነበነበች ትስቃለች። ንጽሕና የምትወድ ሴት ናት ብዬ አለፍኩት።

በዚያ ክረምት ትሬለሩን ማንም ዞር ብሎ አላየውም። ቴክሳስ ምን ብርድ አላት ብለን። ብርዱ ግን መጣ፤ ሳንሰማው ሥራውን ሠርቶ ሄደ። ለፋሲካ ወደ ባሕር ልንነሳ ዕቃ ከጫንን በኋላ አባዬ ፓምፑን ሲያስነሳው ከማጠቢያው ሥር ውሃ እንደ ዝናብ ወረደ። ቧንቧው ውስጥ የቀረው ውሃ በረዶ ሆኖ ሰንጥቆታል። አባዬ የፋሲካን ሳምንት በጀርባው ተኝቶ ቧንቧ ሲቀይር ከረመ፤ ባሕሩም ቀረ። አባዬ ጨካኝ አልነበረም፣ ደክሞት ነው። ከዚያ ወለል ሥር ሲወጣ ግን ቃሉን ተናገረ፤ እሱ ሁለተኛ ትሬለሩን አይነካም፣ የሚቀጥለው ክረምትም ካፈነዳው ከጋርላንድ ከተማ ደጋግሞ እየደወለ ልግዛው ለሚል ሰውዬ ይሸጠዋል። እትዬ ብዙነሽ እሺ አለች። እኔ ግን ያን የጋርላንድ ሰውዬ ሳላየው ጠላሁት።

ታኅሣሥ ላይ ትምህርት ቤት ተዘጋ፤ በዜናውም ኃይለኛ ብርድ እየመጣ ነው ተባለ። እኔና እትዬ ብዙነሽ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጠን ትሬለርን ለክረምት እንዴት እንደሚያዘጋጁ የሚያስተምር ቪዲዮ ከፈትን። ጢሙ የተንዠረገገ ሽማግሌ፣ አጠገቡ ውሻው ተኝቶ፣ ቀስ ብሎ ያስረዳል። እሱ ይናገራል፣ እኔ እተረጉማለሁ። ውሃው በሙሉ ከሆዱ መውጣት አለበት፤ ከታንከሩም፣ ከውሃ ማሞቂያውም፣ ከቧንቧዎቹም። ከዚያ በፓምፑ አንቲፍሪዝ የሚባል ሮዝ ፈሳሽ ይገባበታል፤ ሮዙ በረዶ አይሆንም። ቤታችን ጾም ስለነበር እኔ ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ትሬለሩም ይጾማል ማለት ነው፤ ሮዙ ፈሳሽ ደግሞ የጾም ምግቡ ነው። ይህን ስነግራት እትዬ ብዙነሽ ከእኛስ ቀለም ያለው ደረሰው አለች።

ችግሩ የጀመረው ከታንከሩ ነው። እትዬ፣ መጀመሪያ ታንኩን ድሬን እናድርገው፣ ውሃውን እናፍስሰው ይላል አልኳት። ነጠላዋን አስተካከለች። ደገምኩላት። እሱን እንለፈውና ወደሚቀጥለው እንሂድ አለች። ቪዲዮውን መልሼ ከፈትኩ፤ ሽማግሌው ጣቱን ቀስሮ ይህን ያለፋችሁ እንደሆነ ሌላው ልፋት ከንቱ ነው ይላል። እሷ ግን ተነሥታ ወደ ትሬለሩ ገባች። ተከትያት ስገባ አልጋውን አንሥታ ታንከሩን በመዳፏ መታ መታ ስታደርገውና ስታማትብ አየኋት።

እንግዲህ ዘጠኝ ዓመት ሳይሞላው ይህን ያየ ልጅ ምን ያስባል? እዚያ ውስጥ የሚኖር ነገር አለ ብዬ ደመደምኩ። ዓሣ ይሁን መልአክ አላወቅኩም፤ ብቻ እትዬ የምታሳድገው፣ ከጓዳችን ይልቅ እዚያ የሚመቸው አንድ ነገር። ጆሮዬን ታንከሩ ላይ ለጥፌ ሳዳምጥ ከውስጥ ቦጭረቅ አለ፤ አበቃ፣ ተረጋገጠልኝ። ከመክሰሴ ዳቦ ቆርሼ የውሃ መሙያው አፍ አጠገብ አስቀመጥኩለት።

ከሰዓት በኋላ አባዬ ከሥራ ሲመለስ፣ አይነካም እንጂ መጠየቁን አልተወም፣ ታንከሩን ባዶ አደረጋችሁት ወይ አለን። እትዬ ብዙነሽ መሬት መሬት አየች። እኔ ልረዳት ብዬ፣ አይቻልም፣ ውስጡ የሚኖር ነገር አለ፣ ቢፈስ ይሞታል አልኩት። አባዬ ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም።

«ውስጡ ጠበል አለ» አለች።

አባዬ የምን ጠበል እንደሆነ ጠየቃት። የንስሐ አባታችን ትሬለሩን መጥተው የባረኩ ዕለት፣ ከረጩት የተረፈ በባልዲ ነበር አለችው። የት ትድፋው? ከውጪ ከተባረከ ከውስጥም ይባረክ ብላ ታንከሩ ውስጥ ጨመረችው።

«እትዬ፣ ያ እኮ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። አልቋል።»

«አላስጨረስኩትም። ጎደል ሲል እሞላዋለሁ። ጠበል ላይ የተጨመረ ውሃ ጠበል ነው፤ አንተም ታውቀዋለህ። እንዴት አድርጌ አስፋልት ላይ ልልቀቀው? መኪና ይሂድበት? ውሻ ይርገጠው?»

የሐይቁ ሕጎች ሁሉ ያኔ ገቡኝ። የሽንት ቤቱ ጄሪካን፣ የሳህኑ ጄሪካን፣ በየጠዋቱ አናቴ ላይ የሚወርደው ውሃ። ለካ ንጽሕና አልነበረም፤ ስታጠምቀኝ ነው የከረመችው። ወገቤን የሚያመኝ በዚያ ሁሉ ጄሪካን ነው አለች፣ ሳይጠየቁ እንደሚናዘዙ ሰዎች።

አባዬ ሁለት እጁን አናቱ ላይ አድርጎ ቆመ። ይቆጣል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ግን ወደ ትሬለሩ ሥር ጎንበስ አለ፣ እጁን ወደ ማፍሰሻው ሰደደ፣ መልሶ አወጣው።

«ለምን ነገርሽኝ?» አላት። «ባትነግሪኝ እኔ ከፍቼው እንገላገል ነበር። አሁን እኔስ በየት በኩል ልክፈተው?»

ሦስታችንም መኪና መግቢያው፣ ድራይቭዌዩ ላይ ቆመን ታንከሩ ያለበትን ቦታ አየን። ብርዱ በማግስቱ ማታ ይገባል ተብሏል። ታንከሩ ካልጎደለ ቧንቧው ይፈነዳል፤ ቧንቧው ከፈነዳ የጋርላንዱ ሰውዬ ይመጣል፣ ባሕሩም ይቀራል። ታንከሩን እንዳናጎድል ደግሞ የያዘን ሰው አልነበረም፤ ያው እኛው ነን።

አባዬ ለንስሐ አባታችን ደወለና ስልኩን ድምፁ እንዲሰማ አደረገው። ነገሩን ሲሰሙ እስኪያስላቸው ሳቁ፤ ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠርገው ቁም ነገሩን ተናገሩ። በፕላስቲክ ውስጥ የከረመ ስለሆነ ለመጠጥ አይሁን፤ ምእመናን እየወሰዱ ይጠመቁበት፣ ቤታቸውን ይርጩበት። የተረፈው ደግሞ የሰው እግር የማይረግጠው ቦታ ይፍሰስ። አባዬንም፣ «አንተም ፊትህን ታጠብበት፣ ልጄ፤ ብስጭት ያበዛህ ይመስለኛል» አሉት።

የሰው እግር የማይረግጠው ቦታ ዩለስ ውስጥ ከየት ይመጣል? አባዬና እትዬ ግቢውን ዞሩት። ፊት ለፊቱ ሲሚንቶ ነው፤ ጓሮው የጎረቤት ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ሣር ነው። እኔ ጓሮ ሄጄ ፒካን ከሚባለው የፍሬ ዛፋችን ሥር ቆምኩና ጠራኋቸው። ዛፉ ዙሪያውን በጡብ ተከልሏል፤ ተርብ ስለሚሰፍርበት እግሩን እዚያ የሚያስገባ ልጅ አልነበረም፤ ኳሳችን ከገባ እንኳ በዱላ ነው የምናወጣው። እትዬ ብዙነሽ ጡቡን፣ ዛፉን፣ እኔን አየችና አገላብጣ ሳመችኝ። ታንከሩን ሙሉ ካፈሰስንበት ግን ጡቡን አልፎ ሣሩ ላይ ይወርዳል አለ አባዬ። ስለዚህ መጀመሪያ ሰው ይውሰድ ተባለ፤ እትዬ ብዙነሽም ስልኳን አንሥታ ሶፋው ላይ ተደላድላ ተቀመጠች። ለአንዷ ኮል አደረገች፣ እሷ ለሌላዋ፣ ያችኛዋ አብረዋት ሺፍት ለሚገቡት ሁሉ።

በማግስቱ ከቀትር በኋላ የዩለስ ሐበሻ በሙሉ ወደ ቤታችን የመጣ መሰለኝ። ከሥራ በቀጥታ ስለመጡ የኤርፖርት ሰደርያቸውን አላወለቁም፤ ባጃቸው አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ጄሪካን የያዘ አለ፣ የታጠበ የወተት ጋሎን የያዘ አለ፣ አንዷ ትልቅ ድስት ከነክዳኑ ይዛ መጣች። ሰልፉ ከድራይቭዌዩ አልፎ ከቶንጋ ደሴቶች የመጣው ጎረቤታችን የሲዮኔ በር ድረስ ደረሰ። ሲዮኔ ወጥቶ ምን እየታደለ እንደሆነ ጠየቀ።

«ሆሊ ወተር» አለችው እትዬ ብዙነሽ። «ፍሪ ነው፣ ሲዮኔ። ቤትህ ባልዲ የለም?»

ሲዮኔ ገብቶ እናቱን ደግፎ፣ ዓሣ ሲያጠምድ በረዶ የሚይዝበትን ትልቅ ሣጥን ተሸክሞ ወጣ። ሰልፉ መጨረሻ ሄዶ ቆመ።

ታንከሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ይህን ማንም እንዲረሳ አልፈልግም። እትዬ ጉልበቷ አይታጠፍም፣ አባዬ አልነካም ብሏል፤ ስለዚህ ካርቶን አንጥፌ ትሬለሩ ሥር ተኛሁ። ከዚያ ሆኜ የሚታየኝ እግር ብቻ ነው። ጥቁር የሥራ ጫማ፣ ነጠላ ጫማ በካልሲ፣ የሲዮኔ እናት ባዶ እግር፣ ጫፍ ላይ የእትዬ ያበጡ እግሮች። ጄሪካን ይቀርብልኛል፣ የማፍሰሻውን ቫልቭ አዞራለሁ፣ ውሃው እጄ ላይ እየረጨ ይወርዳል። ሲሞላ እዘጋለሁ። ላይ ደግሞ እትዬ ታዛለች፤ ለመጠጥ አይደለም፣ ለመጠጥ አይደለም፣ አንቺ ለእናትሽም ያዥላት። እጄ ከብርዱ የተነሣ ቀይ ሆኖ ነበር፤ ግን በጌታ ስም ያን ቫልቭ ማን ይነጥቀኛል?

ሰልፉ ሲያልቅ የተረፈውን በባልዲ ወደ ፒካኑ አመላለስን። ማሞቂያውን ለመክፈት ቡሎኑ ዝጎ እምቢ አለ፤ አባዬ መፍቻውን ስጪኝ ሲላት እትዬ ብዙነሽ፣ አንተ አልነካም ብለሃል፣ መብራት ያዝ አለችው። ዕድሜ ልኳን ዊልቸር የገፋ ክንዷን አሳረፈችበት፣ ቡሎኑም ጮኾ ተፈታ። ቡናማ ውሃ ከነዝቃጩ ወጣ። ይሄም ጠበል ነው ወይ አባዬ ቢላት፣ እሱም ነው አለችና ተሸክማ ወደ ዛፉ ሄደች።

ከዚያ ሮዙ መጣ። የፓምፑን ጎማ ጠርሙሱ ውስጥ ነከርን፤ ሽማግሌው እንዳለው ፈሳሹ ማሞቂያው ውስጥ እንዳይቀር ትንሿን ቫልቭ አዞርኩ። አባዬ ፓምፑን ያስነሣ ዘንድ ተፈቀደለት። የማጠቢያው ቧንቧ አሳለ፣ አየር ተፋ፣ ንጹሕ ውሃ ለቀቀ። እትዬ ያንንም በሳህን ተቀበለችው። ቀጥሎ ገረጣ ያለ ሮዝ፣ ከዚያ ደማቅ ሮዝ መጣና ያ ሽታ ትሬለሩን ሞላው። እትዬ እልል አለች። ወደ ሻወሩ ሄድን፣ ሮዝ፤ እልል። ሽንት ቤቱን በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በፈቃድ ረገጥኩት፣ ሮዝ፤ እልል። የሰፈሩ ውሻ ሁሉ መጮኽ ጀመረ።

አባዬ በቃ፣ አለቀ ብሎ ፓምፑን ሊያጠፋ ሲል ትዝ አለኝ። የውጪው መታጠቢያ። ከትንሿ መዝጊያ ጀርባ ያለው። ሁለቱም ረስተውታል፤ እንዴት አይረሱት፣ እነሱ አይደሉም እዚያ እየጮኹ የተጠመቁት። ሮጬ ከፈትኩት፤ ውሃ ሞልቶት ነበር። እዚያው የቀረ ቢሆን ብርዱ በዚያ በኩል ነበር የሚገባብን። ውሃውን በሳህን እየተቀበልኩ ሮዙ እስኪመጣ ጠብቄ ዘጋሁና የጠበሉን ሳህን ለእትዬ ሰጠኋት። አባዬ በእጁ አናቴን ያዝ አድርጎ ለቀቀኝ።

ያን ማታ ብርዱ ገባ፤ ቀናት ቆየ። የመንገዱ ዳር በረዶ ሆነ፣ የሰፈሩ ሰው ቧንቧውን በፎጣ ጠቀለለ። የጋርላንዱ ሰውዬ ደወለ፤ አባዬ ጸደይ ላይ እናያለን አለው። ከዚያ በኋላ ማንም ምንም ማድረግ አይችልም፤ ዝም ብሎ መጠበቅ ነው። እትዬ ብዙነሽ ከሥራ ስትመለስ ገና ቤት ሳትገባ ትሬለሩን በመዳፏ ትነካዋለች። እኔም እነካዋለሁ።

ጸደይ ላይ፣ ትምህርት ቤት ለዕረፍት ሲዘጋ፣ አባዬ ውሃ ጨመረና ትሬለሩ ሥር ገባ። ምልክቱ ፓምፑ ነው አለን። ቧንቧው ደህና ከሆነ ፓምፑ ጥቂት ሠርቶ ዝም ይላል፤ ቀዳዳ ካለ ግን ሲያጓራ ይኖራል። እኔ ማብሪያውን ተጫንኩት። አጓራ። እትዬ ብዙነሽ ዓይኗን ጨፈነች። አጓራ፣ አጓራ፣ ከዚያ ቀጥ አለ። አንድ አውሮፕላን አናታችን ላይ አለፈ፤ እሱ ሲያልፍም ፓምፑ ዝም እንዳለ ነው። አባዬ ከሥር ተንፏቆ ወጣና ሁለት መዳፉን ዘርግቶ አሳየን። ደረቅ ናቸው።

እዚያው ቆሞ ለጋርላንዱ ሰውዬ ደወለና አይሸጥም አለው። በደስታ ስዘል የትሬለሩ በር ግንባሬን መታኝ፤ አላመመኝም።

ሮዙን አጥበን ካስወጣን በኋላ፣ አባዬ ለመንገዱ የሚሆነውን ውሃ በጎማ መሙላት ጀመረ። እትዬ ብዙነሽ ቤት ገብታ ተመለሰች። አንድ እጇ ከነጠላዋ ሥር ነው፤ ከቤተ ክርስቲያን ያመጣችውን ጠርሙስ ይዛለች። አባዬ አያት፤ እሷም አየችው። ሁለቱም የሚያስቡትን አውቀዋለሁ፤ ካርቶኑን፣ ሰልፉን፣ ፒካኑን፣ ያን ሁሉ ባልዲ። አባዬ ጎማውን ከመሙያው አፍ አወጣና ገለል አለላት።

«ጨምሪበት፣ እትዬ» አላት። «ታኅሣሥ ላይ እኔም ጄሪካኔን ይዤ እሰለፋለሁ።»

እትዬ ብዙነሽ ጠርሙሱን እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ገለበጠችው። በማግስቱ ጠዋት ወደ ባሕር ሄድን።